ማን ነበር እዚያ የሚኖረው?

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ከአንድ የሰፈሬ ልጅ ጋር ተቀምጠን ነበር። አዲስ አበባ ካዛንቺስ አብረን ነው ያደግነው። ዲሲ ውስጥ ለዓመታት የኖረበትን ሕንፃ አዲስ ባለቤት ገዝቶት ኪራይ እንደቆለለበት፣ ልጆቹ ከለመዱት ትምህርት ቤት ሊለቁ እንደሆነ፣ ሰፈሩ ውስጥ የድሮ ሰው እየጠፋ ገንዘብ ያለው ወጣት ብቻ እየበዛ መምጣቱን እያነሳ ሲያማርር ቆየ። እውነቱን ነው፤ አንጀቴን በላው። ወሬው ወደ አገር ቤት ዞረና ስልኩን አውጥቶ አንድ ሕንፃ አሳየኝ። ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነው፤ ሥዕሉ ግን አልቆለታል፦ ዙሪያውን መስታወት፣ ምድር ቤቱ መዋኛ፣ ጣሪያው ላይ አትክልት። ባለ ሁለት መኝታ ይዟል፤ ዋጋው በዶላር ነው። "ለአፍሪካ ኅብረት ወይ ለዩኤን ሰው አከራየዋለሁ፤ ራሱን በራሱ ይከፍላል" አለኝ። ቦታው የት እንደሆነ ጠየቅኩት። የእኛው ሰፈር ነው።

"ማን ነበር እዚያ የሚኖረው?" አልኩት።

"ኧረ እኔ ምን አውቄ፤ ጭቃ ቤት ነው የነበረው" አለኝ።

እኔም እሱም ያደግነው ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዴ፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ላይ ላስቲክ የሚወጠርበት፣ ሽንት ቤቱን ከጎረቤት ጋር የምንጋራው የቀበሌ ቤት። ያ መልስ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከውስጤ አልወጣም። ዲሲ ላይ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ሰፈሬን ነጠቁኝ ብሎ የሚያዝን ሰው፣ አዲስ አበባ ላይ ባለ ገንዘቡ ራሱ መሆኑ አይታየውም። እሱ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን።

እስቲ ከዚህ ልጀምር። ከደርግ ሸሽተው የመጡት ታላላቆቻችን ዲሲ ውስጥ አዳምስ ሞርጋን የሚባል ሰፈር የሰፈሩት ኪራዩ ርካሽ ስለነበረ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1968 በተገደሉ ሰሞን 14ኛው መንገድና ዩ ስትሪት በቁጣ ነደዱ። ከዚያ በኋላ ባንኩም ባለሀብቱም ለብዙ ዓመታት ፊቱን አዞረባቸው። የእኛ ሰዎች አዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ላይ ምግብ ቤት ከፈቱ። ሰፈሩ ደምቆ ኪራዩ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ ወረዱ። እዚያ ደግሞ ሜትሮው፣ የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ጣቢያ ከፈተ። ጣቢያ ከተከፈተ አልሚ ይመጣል፣ አልሚ ከመጣ ክሬን ይቆማል፣ ክሬን ከቆመ በኋላ የድሮው ተከራይ ዕቃውን መሸከፍ ይጀምራል። ክትፎ በእጃቸው መብላት የተማሩ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና የሕግ ባለሙያዎች ቅዳሜ ማታ ምግብ ቤቶቻችንን ሞሏቸው። ደስ ብሎን ነበር። ሰፈሩን ያስወደደው አንዱ ነገር የእኛው ቤት ሙቀት ነው፤ ሲወደድ ግን ከወጥ ቤቱ ጀምሮ አስተናጋጇ፣ አብሳይዋ፣ ባለቤቱ ራሱ አንድ በአንድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተበተኑ። አሁን አሌክሳንድሪያና አርሊንግተንም እፎይታ የለም። አማዞን ሁለተኛውን ዋና መሥሪያ ቤት አርሊንግተን ውስጥ ክሪስታል ሲቲ ላይ እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ2018 ካሳወቀ ወዲህ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ የሚኖረው ሐበሻ ሁሉ ውል በሚታደስበት ወር እንቅልፍ የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ያኔ አልገባንም። እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ ነጋዴዎቻችን 9ኛው መንገድ "ሊትል ኢትዮጵያ" ተብሎ እንዲሰየም ጠይቀው ነበር። ሎስ አንጀለስ ላይ ተሳክቷል፣ እዚህስ ለምን አይሆንም ነው። ጥቁር አሜሪካውያኑ ተቃወሙ። ይህ ሰፈር የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ ጥቁር በሌላ ቦታ መግቢያ በተከለከለበት ዘመን የራሱን ቲያትርና የራሱን ባንክ ያቆመበት ነው፤ በላዩ ላይ ሌላ ስም አይለጠፍበትም አሉ። እኛ ተቀየምን። "ወንድሞቻችን አይደሉም እንዴ፣ ምን አሳከካቸው?" የማይል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970 ከ100 የዲሲ ነዋሪ 71ዱ ጥቁር ነበር፤ በ2011 ከግማሽ በታች ወረደ። ሰዎቹ ከተማቸው ከእጃቸው ሲያመልጥ እያዩ ነበር፤ እኛ ደግሞ በዚያው ሰዓት የስም ሰሌዳ እንጠይቃለን። ዛሬ ካዛንቺስን ሳስብ የእነሱ ቁጣ ጥርት ብሎ ይታየኛል።

ይሁን እንጂ ዲሲን የማመሰግንበት አንድ ሕግ አለ፤ ሳልጠግብ ደጋግሜ የማወራውም እሱን ነው። ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ከተማ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃውን ሊሸጥ ሲነሳ መጀመሪያ ተከራዮቹን እንዲገዙት መጋበዝ አለበት። አምስትና ከዚያ በላይ ቤት ባለበት ሕንፃ ተከራዮቹ ማኅበር አቋቁመው ፍላጎታቸውን የሚያሳውቁበት 45 ቀን፣ ከዚያም የሚደራደሩበት ቢያንስ 120 ቀን ይሰጣቸዋል። ገንዘብ ከሌላቸው ያንን መብት ለሚስማማቸው አልሚ አሳልፈው ይሰጡና በምትኩ "ኪራያችን አይነካም፣ ቧንቧው ይጠገናል፣ ማናችንም አንወጣም" ብለው ውል ያስፈርማሉ።

የምንኖርበት ሕንፃ ሊሸጥ ሲል ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስብሰባው ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ሰብሳቢያችን በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካዊት፤ ከሁላችንም በላይ ሕንፃውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከአንድ ወገን የኤል ሳልቫዶር ሰዎች፣ ከሌላው ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶቻችን። ለእናቶቻችን በስልክ አስተርጓሚ ገባላቸው፤ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው "እኔ ቤቱ የኔ አይደለም፤ ምን ብዬ ነው የምናገረው?" አሉ። ሰብሳቢያችን ትርጉሙን እስኪያልቅ ሰምተው "የሚኖሩበት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እንግዲያው ይናገሩ" አሏቸው። ተናገሩ። ስለ ማሞቂያው ተናገሩ፣ ስለ አሳንሰሩ ተናገሩ፣ ልጃቸው አስም እንዳለባትና ሻጋታው እንዳስቸገራት ተናገሩ። ሁሉም ወረቀት ላይ ሰፈረ። በመጨረሻ ከአንድ አልሚ ጋር ተስማምተን ሕንፃው ታድሶ እዚያው ቀረን።

ሕጉ ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ነጠላ ቤቶች ከውስጡ ወጥተዋል፤ በ2025 በወጣ ሕግ ደግሞ ገና የተሠሩ ሕንፃዎች ወጡ፤ ባለ ንብረቶች ዛሬም ሊሸራርፉት ይታገላሉ። ብዙ ሕንፃ ላይ ተከራዩ ሳይደራጅ ቀኑ ያልፍበታል፤ የእኛም ሰው ስብሰባ ሲጠራ "ሥራ አለኝ" ብሎ መቅረት ይወዳል። ቢሆንም የኪራይ ውል የያዘ ምስኪን ሰው በሚሊዮን ዶላር ሽያጭ መሃል ገብቶ "ቆይ፣ እኔስ?" የሚልበት ቀዳዳ አለ። ካዛንቺስ ላይ ያጣሁት ይህንን ነው።

ካዛንቺስ ከዓለም ጋር የተያያዘው ዛሬ አይደለም። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ሲቋቋም፣ አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሲፈረም ሰፈሩ አጥሩን ተደግፎ ያይ ነበር። ሒልተን ሲመጣም እንደዚያው። የእኛ ሰፈር ሰው የኮሚሽኑ ጥበቃ ነበር፣ የሆቴሉ ልብስ አጣቢ ነበር፣ የዲፕሎማት ሹፌር፣ የፈረንጅ ቤት ሞግዚት ነበር። በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። ዓለም አቀፉ ደመወዝ አጥር ዘልሎ እስከ ጉልቷ ድረስ ይደርስ ነበር፤ ትንሽም ቢሆን ይደርስ ነበር። ቤቶቹ ግን ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ የመንግሥት ሆነው፣ ኪራያቸው ከጥቂት ብር ሳያልፍ፣ የሚጠግናቸውም ጠፍቶ አረጁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሰው በክብር የማይኖርባቸው ቤቶች ነበሩ። ይፍረሱ ማለት ጥፋት አይደለም።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፣ ካዛንቺስ በ2017 መጀመሪያ ተከተለ። አገር ቤት ስገባ በኮሪደር ልማት በተሠራው አዲስ መንገድ ላይ በእግሬ ሄድኩ። ያምራል። የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው፣ የብስክሌት መስመር አለው፣ ማታ መብራቱ ደስ ይላል፣ ንጹሕ የሕዝብ ሽንት ቤት አለ። ድሮ ጭቃውን እየዘለልን በምናልፍበት ቦታ አንድ አባት ልጃቸውን በጋሪ እየገፉ ሲያልፉ አይቼ ደስ ብሎኛል። ይህን ደስታዬን ማንም እንዲነጥቀኝ አልፈልግም። ነገር ግን የማውቀውን ሰው ፍለጋ ሁለቱንም ዳር ሳይ ዋልኩና አንድም አላገኘሁም።

ሰፈሩ ሁሉ "እማማ" የሚላትን ሴት ያገኘኋት ከከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ነው። ምትክ ቤት ደርሷታል። ቤቱ ጥሩ ነው፦ ውኃ ቤት ውስጥ፣ ሽንት ቤት ለብቻ፣ ጣሪያው አያፈስም፤ እሷም አትክድም፣ "እግዜር ይስጣቸው" ትላለች። ካዛንቺስ ሳለች እንጀራ ጋግራ ለሰፈሩና ለሦስት ምግብ ቤቶች ታስረክብ ነበር። ምጣዷን አሁን ኮሪደር ላይ ጨርቅ አልብሳ አቁማዋለች። እዚህ የሚገዛት የለም፤ ሁሉም እንደሷው ከሥራው የተነቀለ ነው። ምግብ ቤቶቹም ፈርሰዋል። ከቁም ሳጥን ውስጥ የዱቤ ደብተሯን አወጣችልኝ። ሽፋኑ የተላጠ የተማሪ ደብተር፤ ገጹ ሁሉ ስምና የእንጀራ ቁጥር፣ የተከፈለው ላይ መስመር የተሰመረበት። የመጨረሻዎቹ አራት ገጾች መስመር የላቸውም። ባለዕዳዎቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ አያት፣ አንዱ የት እንደሆነ ሳይታወቅ ተበትነው ነው። "ማንን በየት ብዬ ልጠይቅ?" አለችኝ። ከተማ ውስጥ ገብታ ሥራ ብትፈልግ እንኳ ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ አለባት። የከተማው ባቡር አለ እንዳይባል፣ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ታይተዋል። መስመሩም ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ገላን ከዚያ ወዲያ ነው።

እማማ ግን ዕድለኛ ናት፤ በስሟ የቀበሌ ውል ነበራት። እኔን ያንገበገበኝ የደባሎቹ ነገር ነው። እያንዳንዱ ግቢ ውስጥ ደባል እንደነበረ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከባለ ውሉ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወልዶ፣ እድር ገብቶ የኖረ ሰው ነው። ከባለ ውሉ በላይ ዕድሜውን እዚያ ግቢ ውስጥ የጨረሰ ደባል አውቃለሁ። ሲነሱ ስለ ምትክ ቤትም ስለ ካሳም ባለሥልጣናቱ የተነጋገሩት ከባለ ውሉና ከባለ ካርታው ጋር ነው። ደባል ቆርቆሮው ሲነሳ ፍራሹን ተሸክሞ ሄደ። ከእማማ ግቢ ጀርባ ይኖር የነበረ አንድ አናጢ ሚስቱንና ልጆቹን ዘመድ ጋ ገጠር ልኮ እሱ የሚሠራበት ግንባታ ላይ ያድራል ብለውኛል። ስንት ቀን እንደተሰጣቸው ስጠይቅ እያንዳንዱ የሚነግረኝ ቁጥር በጣት የሚቆጠር ነው። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እጃቸውን ያወጡት እናት ትዝ አሉኝ። ዲሲ ላይ እሳቸውም ተከራይ ናቸው። እሳቸውን ሕግ 120 ቀን ይጠብቅላቸዋል፤ አናጢውን የጠየቀው የለም።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። ያገባናል። ያ መሬት እንዲህ የተወደደው ማን እንዲገዛው ታስቦ ነው? የእማማ ልጅ እንዲገዛው አይደለም። አዲስ አበባ ዛሬ የምትገነባው ደመወዙ በብር ላልሆነ ሰው ነው፦ ለዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ፣ ለውጭ ኩባንያ፣ ለእኛ። ለገሃር ላይ የአቡዳቢው ኢግል ሒልስ የጀመረው ሰፈር በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ሁላችንም ሥዕሉን እየተቀባበልን አጨብጭበናል። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ በሚባለው መታወቂያው ቤት የማፍራት መብት አለው፤ በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ የውጭ ዜጋም ቤት ባለቤት እንዲሆን የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። ሪል ስቴቶቹ እዚህ ድረስ መጥተው በሆቴል አዳራሽ፣ በየዓመቱ የስፖርት በዓላችን ላይ ድንኳን ዘርግተው ይሸጣሉ። አንዱ ድንኳን ውስጥ ገብቼ ከቦታው የተነሱ ሰዎች የት እንደገቡ ጠይቄያለሁ። ሻጩ ልጅ ትሑት ነበር፤ ሥራ አስኪያጁን ጠርቶልኝ ሥራ አስኪያጁ "መሬቱ ነጻ ሆኖ ነው የተረከብነው" ብሎ የመዋኛውን ሥዕል አሳየኝ።

ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እዚህ ያለን ሰዎች ስልክ ተደዋወልን፤ "አሁን ነው መግዛት" ተባባልን። እኔም ከተደዋወሉት ነኝ፤ ዋጋ አሰልቼ ነበር። በዚያው ሳምንት እማማ ጤፍ የምትገዛበት ብር ቀለለ። የእኛ ጭማሪና የእሷ ጉድለት የመጣው ከአንድ ምንጭ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ የምንቆርሰው ግን ከማን ድርሻ ላይ እንደሆነ እንይ እንጂ።

አትግዙ አልልም። አገሩ ላይ ቤት እንዲኖረው የማይመኝ ስደተኛ የለም፤ ዕድሜ ልኩን ሁለት ሥራ ሠርቶ ያጠራቀመን ሰው ጣሪያ አያስፈልግህም የምል ጨካኝ አይደለሁም። የሚያንገበግበኝ ቤት እየገዛን ጥያቄ አለመጠየቃችን ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሚነጠፈው ሴራሚክ ከየት እንደመጣ እንጠይቃለን፤ ጄኔሬተሩ ስንት ኪሎዋት እንደሆነ፣ መኪና ማቆሚያው ለስንት እንደሆነ እንጠይቃለን። ቅድመ ክፍያ ከመላካችን በፊት ማን ነበር እዚያ የሚኖረው፣ የት ገባ፣ ደባሉስ ብለን ብንጠይቅ፣ አንድ ሰው አይደለም አንድ መቶ ሰው ቢጠይቅ፣ ሻጩ መልስ ለማዘጋጀት ይገደዳል። ዶላር የያዘ ሰው ጥያቄ አገር ቤት ውስጥ ከእማማ አቤቱታ በላይ ይሰማል። ይህ ራሱ ያሳዝናል፤ ግን እስካለ ድረስ እንጠቀምበት።

ለሰፈር አብሮ አደጎቼ ደግሞ ይህን እላለሁ። ማኅበራችን በየዓመቱ ለኳስ ቡድኑ ማሊያ ያሠራል፣ ለድሮ ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ይልካል። መልካም ነው። ትምህርት ቤቱ ዙሪያ ግን አሁን የእኛ ልጆች የሉም። የሰፈሩ እድር ድንኳኑና ወንበሮቹ ገላን ጉራ አንድ መጋዘን ውስጥ ተከምረዋል፤ አራብሳ ያለ አባል ሲሞት ዕቃውን የሚያደርስ መኪና በብዙ ሺህ ብር ይከራያሉ፤ አባሉም ስለራቀ መዋጮው እየቀነሰ ነው። የእድሩን ጸሐፊ አነጋግሬያቸዋለሁ። አባል የነበሩ የደባል ቤተሰቦችን ስም ከመዝገቡ ላይ እያወጡ ነው፤ የአብዛኞቹ አድራሻ ባይታወቅም ስልካቸው ይሠራል። የዚህ ዓመት መዋጯችን ለእድሩ መጓጓዣና ለእነዚህ ቤተሰቦች የቤት ኪራይ ቀብድ ይሁን ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ገንዘቡ በማን ስም እንደሚላክና አገር ቤት ማን ተረክቦ እንደሚያከፋፍል በሚቀጥለው ስብሰባ እንወስን፤ ዝርዝሩን ይዤ እመጣለሁ።